ወደ ውስጥ የሚከፈት በር

በመሥሪያ ቤቱ የሚጠሯት ሹክሹክታ እያሉ ነው፤ ድምፅዋ ከከንፈሯ ርቆ ስለማይሄድ። የከተማው መናፈሻዎች ቢሮ ውስጥ ንድፍ ትሠራለች። እጇ የታመነ ነው፤ ስብሰባ ላይ ግን የምትናገረው አይሰማም።

አባቷ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ስኳር ከያዘው ወዲህ ሽንት ያጣድፈዋል። አንድ ቀን መንገድ ላይ አመለጠውና ጃኬቱን ወገቡ ላይ አስሮ፣ አንገቱን ደፍቶ ወደ ቤት ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ዓለሙ ከአልጋው እስከ መስኮቱ ሆነ።

ስለዚህ የትልቁ መናፈሻ መጸዳጃ ቤት ንድፍ ሲሰጣት ለእሱ ብላ የሠራችው ያህል ነበር። ከዛፎቹ ጀርባ ሳይሆን ከመግቢያው አጠገብ አደረገችው፤ ደረጃ የለውም፣ መብራት አለው፣ ከመቀመጫው ጎን ተደግፈው የሚነሡበት ብረት አለው። በሩም ወደ ውጭ ይከፈታል።

ኃላፊው ንድፉን አዩና፣ "ይኼ በር የመንገደኛውን አፍንጫ ሊሰብር ነው እንዴ? ወደ ውስጥ አዙሪው" አሉ።

"ሰው ውስጥ ቢወድቅ... በሩን ይዘጋዋል።"

"ምን አልሽ?"

"ምንም።"

"እሷን ለመስማት የሐኪም ማዳመጫ መግዛት ሊኖርብን ነው!" አለ መሐንዲሱ። ሁሉም ሳቁ። እሷም አብራ ሳቀች፤ በሩንም አዞረችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን በሩ ወዴት እንደሚከፈት የምታሳየውን ያቺን ቅስት መስመር ወረቀት ላይ ባየች ቁጥር በጣቷ ትሸፍናት ነበር።

መጸዳጃ ቤቱ በተከፈተ ሰሞን አባቷ ሸሚዙን ተኩሶ ጠበቃት። "ልጄ የሠራችውን ቤት ሄጄ ልመርቀው እንጂ!" ሲስቅ ካየችው ቆይታለችና እምቢ ማለት አልሆነላትም።

መናፈሻው ሲደርሱ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል።

"አባዬ፣ ምሳህን በልተሃል?"

"ስመለስ እበላለሁ።"

"የስኳሩን መርፌስ?"

"እሱንማ ተወግቻለሁ።"

መርፌው ሳይበሉ ከተወጉት ስኳሩን አውርዶ ሰው ይጥላል፤ ቦርሳዋን ከፈተች። "ከረሜላ እንካ።"

"ቆይ፣ መጀመሪያ ልግባ። እያጣደፈኝ ነው።"

"እሺ፣ ግን እንዳትቆልፈው።"

"እሺ እናቴ።"

በሩ ተዘጋ። ውጭ ቆማ የቧንቧውን ውሃ አዳመጠች። ጥቂት ቆይቶ ከባድ ነገር ዱብ ሲል ሰማች።

"አባዬ?"

ገፋችው። በሩ ጣት የሚያስገባ ያህል ተከፈተና ቆመ። ያስቆመው ነገር ለስላሳ ነበር። በክፍተቱ የሸሚዙን ኮሌታ አየች።

የመጸዳጃ ቤቱ የጽዳት ሠራተኛ መወልወያዋን ጥላ መጣች። "ግፊው እንጂ ልጄ!" ብላ ትከሻዋን በሩ ላይ ልታሳርፍ ስትል ሴት ልጁ ጮኸች፦

"አይገፋም!"

የመናፈሻው ወንበሮች ላይ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ዞረ። "እትዬ፣ ራሱ ከበሩ ጋ ነው! አንገቱን ይሰብሩታል!"

ከበሩ በላይ፣ ንድፉ ላይ ለአየር የተወችው ክፍተት አለ። ሴትዮዋ ባልዲዋን ገለበጠችላት፣ ትከሻዋንም ሰጠቻት። ክፍተቱ ላይ ተንጠልጥላ ወደ ታች ስታይ አባቷ ተጣጥፎ ተኝቷል፤ አንድ እጁ ብረቱን ሊይዝ እንደተዘረጋ ቀርቷል። እግሯን የምታሳርፍበት ቦታ ፈለገች። ብረቱ ላይ ረገጠች፤ ከዚያ ከጉልበቱ አጠገብ ወረደች።

ለእሱ ብላ ከቦርሳዋ የማትለየውን ስኳር በውሃ አርጥባ በጣቷ ድዱን ቀባችው፤ ደግማም ቀባችው። ሰውነቱ ቀዝቃዛ ነበር። ከውጭ ሴትዮዋ "ልጄ፣ አለ?" ትላለች። ጆሮዋን ወደ አፉ አስጠግታ ትንፋሹን ታዳምጣለች።

በመጨረሻ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ዓይኑን ገለጥ አደረገ።

"ማነው እንዲያ የጮኸው?"

"እኔ ነኝ።"

"አንቺ? ሂጂ ወዲያ፣ ውሸታም።"

በማግስቱ ኃላፊው ቢሮ ገባች። "በሩን አዙሩት" አለች። "አባቴን ሊገድልብኝ ነበር።" ምን አልሽ ያላት የለም።

አሁን በሩ ወደ ውጭ ይከፈታል። አባቷም በልቶ፣ ከረሜላውን ኪሱ ከትቶ ቅዳሜ ቅዳሜ አብሯት ይወጣል። እሷ ውጭ ትቆማለች።

"አባዬ?"

"አለሁ።"

የውሃ ድምፅ ትጠብቃለች። አይመጣም።

"አባዬ!"

"አለሁ አልኩሽ እኮ! ኧረ ሰው ይሽና በሰላም!"

መንገደኛው ይስቃል። እሷ የበሩን እጀታ አትለቅም።