እምብርት ያላት ብይ

ባለፈው ወር ለሠርግ ተጠርተን አምቦ ሄደን ነበር። ከፊታችን በተቀመጠው የመስታወት አበባ ማስቀመጫ ውስጥ የላስቲክ አበባ ቆሟል፤ ሥሩን ደግፎ የያዘው አፈር ሳይሆን ብይ ነው፣ እስከ አፉ የተሞላ ብይ። እኔ ደግሞ ብይ ካየሁ እጄ አርፎ አይቀመጥም። አበባውን ቀስ ብዬ ነቀልኩና አንዱን አንስቼ ወደ መብራቱ ያዝኩት፣ አገላበጥኩት፣ በአውራ ጣቴ ዳሰስኩት። ሁለተኛውን፣ ከዚያ ሦስተኛውን። ባለቤቴ በክርኗ ጎሰም አድርጋ፣ ሽማግሌ ሰው በሰው ሠርግ ጌጥ ሲያፈርስ ያምራል ወይ አለችኝ። ሁሉም የፋብሪካ እንደሆኑ ገና ሳልነካቸው አውቄ ነበር። ቢሆንም ሙሽሮቹ እስኪገቡ ድረስ ግማሹን መርምሬ ጨርሻለሁ።

ይህን አመል ያመጣሁት ከእጃጂ ነው። በሰባዎቹ አጋማሽ ከመምህራን ማሰልጠኛ እንደወጣሁ የተመደብኩት እዚያ ነበር። ሃያ ዓመቴ ነው። እናቴ ጭኮ በቆርቆሮ ሞልታ ሰጠችኝ፤ አጎቴ ደግሞ ለሥራ የሚሆን ብሎ ቤልቦተም ሱሪ ገዛልኝ። ሱሪው አዲስ አበባ ላይ ፋሽኑ ካለፈበት ቆይቷል፤ እጃጂ ግን ገና አልደረሰም ነበርና እንደ አዲስ ነገር ለበስኩት። ከጉልበት በታች የተዘረጋ ጃንጥላ ነው፤ ከጉልበት በላይ ግን ተጣብቆ ትንፋሽ አያስገባም። ከጉደር በኋላ መንገዱ ግራና ቀኙ ቢጫ የኑግ አበባ ነበር፤ አውቶብሱ ውስጥ ተቀምጬ፣ ከእንግዲህ ሰው ሆንኩ እያልኩ ነበር የምሄደው።

ብይ የሚነግሠው ዝናቡ ወጥቶ ጭቃው ሲደርቅ ነው። በጥቅምት የትምህርት ቤቱ ግቢ በትናንሽ ጉድጓዶች ተበሳሳ፤ ተማሪው ኪሱን እያንሿሿ ክፍል ይገባ ጀመር። ከእኔ በፊት የነበረው መምህር የቀማውን ብይ ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ይጥል ነበር አሉ። እኔ ግን ራሴን ደግ መምህር አድርጌ አስብ ነበርና የቀማሁትን በወረቀት እጠቀልላለሁ፣ ስም እጽፍበታለሁ፣ በባዶ የጠመኔ ካርቶን አስቀምጣለሁ። የመንፈቀ ዓመቱ ፈተና ሲያልቅ ሁሉንም ለየባለቤቱ እመልሳለሁ ብዬ በክፍሉ ፊት ቃል ገባሁ።

ለሊሴ የምትባል የአራተኛ ክፍል ተማሪ ነበረችኝ። አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆናት ነው። ወንዶቹ አውራ ጣቷን ይፈሩት ነበር፤ ብይ ከእሷ ጋር የተጫወተ ባዶ ኪሱን ነው የሚመለሰው። ኅዳር ላይ አንድ ቀን የሂሳብ ትምህርት መሀል ከእጇ አንዲት ትልቅ ብይ አመለጠችና ዘቅዘቅ ባለው ወለል ላይ ተንከባላ መጥታ ጫማዬ ሥር ቆመች። አነሳኋት። ለሊሴ ከመቀመጫዋ ተነሥታ፣ "ቲቸር፣ እሷ መጫወቻ አይደለችም" አለችኝ። ታዲያ ምንድን ናት ብላት አቀርቅራ መልሳ ተቀመጠች። እንደ ሌሎቹ ጠቅልዬ ካርቶኑ ውስጥ ጣልኳት።

ካርቶኑ የሚቀመጠው ግምጃ ቤት ነበር፤ የግምጃ ቤቱ ጠባቂ ኦቦ ደሬሳ ይባላሉ። በወጣትነታቸው አምቦ ውስጥ የአንድ አርመናዊ ነጋዴ ሱቅ ሠርተዋል፤ ከባሕር ማዶ የመጣ ዕቃ ሲፈታ አብረው እየፈቱ፣ ነጋዴው ስለ እያንዳንዱ ሲያወራ እየሰሙ ነው ያደጉት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጠመኔ ልወስድ ገብቼ የለሊሴን ብይ ወረቀቷን ፈትቼ ሳያት ደረሱብኝ። ውስጧ ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ ክር ተጠማዝዞ ይወጣል፤ አንድ ቦታ ላይ ግን ትንሽ ሻካራ ጠባሳ አለባት። ተሰብራ መስሎኝ ያሳዝናል አልኩ። ኦቦ ደሬሳ ከእጄ ተቀብለው በፀሐይ አዩዋት።

"አልተሰበረችም። እምብርቷ ነው" አሉኝ። "ይቺ በእጅ የተሠራች ናት። መስታወቱን በእሳት አለስልሰው እንደ ሸንኮራ ይስቡታል፤ እየጠመዘዙ ጫፉን ያድቦለቡሉና ይቆርጡታል። የተቆረጠችበት ይኸው። እነዚህን ግን ማሽን ነው የተፋቸው።" ካርቶኑን በእግራቸው ነካ አደረጉት። "ሃዳ ሂንቀበን። እናት የላቸውም።"

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጤና የለኝም። በእረፍት ሰዓት ሌሎቹ መምህራን ሻይ ሲጠጡ እኔ ግምጃ ቤት ነኝ። የተጠቀለሉትን አንድ በአንድ ፈታኋቸው። ኦቦ ደሬሳ የሳርዲን ቆርቆሮ ሰበሰቡልኝ፤ ውስጣቸው ባለቀለም ቅጠል ያለባቸውን በአንዱ፣ እንደ ወተት የነጡትን በሌላው፣ የጠርሙስ አረንጓዴ የሆኑትንና አረፋ የቋጠሩትን በሌላው፣ ከመኪና ኩሽኔታ የወጡትን ብረቶች ደግሞ ለብቻ አደረግኩ። እምብርት ፍለጋ ሁሉንም በአውራ ጣቴ ዳሰስኳቸው። ከዚያ ሁሉ ብይ እምብርት ያላት የለሊሴ ብቻ ሆና ተገኘች።

ስም የጻፍኩባቸውን ወረቀቶች ኦቦ ደሬሳ እሳት ማቀጣጠያ አደረጓቸው፤ እኔም አልከለከልኳቸውም። ከማን ስንት እንደወሰድኩ ደብተሬ ላይ አለ፣ ቁጥሩን ቆጥሬ እሰጣለሁ፣ ብይ ብይ ነው አልኩ። አንዱን ብይ ከሌላው ለመለየት ሳምንታት ያጠፋሁ ሰው ይህን ማለቴ ሳስበው እስከ ዛሬ ያስቀኛል።

እውነቱን ለመናገር የለሊሴን ብይ ልመልስ አልፈለግኩም። ልጅ ናት፣ ምን እንደያዘች አታውቅም፤ አንድ ቀን ድንጋይ ላይ ትሰብራታለች እያልኩ ለራሴ ጠበቃ ቆምኩ። ለኦቦ ደሬሳ ሐሳቤን ጠቆም ባደርግላቸው፣ ባለቤቷን ጠይቃት አሉኝ። እንዳልሰማ ሆንኩ። አንድ ቅዳሜ በቆሎ ልትጭን በምትወርድ የጭነት መኪና ተሳፍሬ ባኮ ሄድኩ። ቁልቁል በወረድን ቁጥር ሙቀቱ ይጨምራል፣ ሹራቤን ግማሽ መንገድ ላይ አወለቅኩ። ገበያው ውስጥ ሸንኮራ እየመጠጥኩ ስዞር አንድ ሱቅ ውስጥ አሥራ ሁለት አዳዲስ የሚያብረቀርቁ ብዮች አግኝቼ ገዛሁ። እነዚህን እሰጣታለሁ፣ ትፈነጥዛለች አልኩ። አሥራ ሁለት በአንድ! እሷ ከማትረፏ በቀር ምን ትጎዳለች?

ጥር ላይ ፈተናው አለቀና የመመለሻው ቀን ደረሰ። ብዮቹን በሙሉ በአንድ ካርቶን ገልብጬ ክፍል ገባሁ። እምብርት ያላት ግን ሱሪዬ ኪስ ውስጥ ናት። የመጀመሪያውን ተማሪ ጠርቼ ከካርቶኑ አራት ብይ አፍሼ ሰጠሁት። አያቸውና፣ "የእኔ አይደሉም" አለኝ። ሁለተኛውም እንደዚሁ። ሦስተኛው የመጀመሪያው እጅ ላይ የራሱን አየና ሊነጥቅ ተነሣ። ከአፍታ በኋላ ክፍሉ የቁም ከብት ገበያ መሰለ፤ በዱላ ጠረጴዛ ብደበድብ የሚሰማኝ ጠፋ።

ጩኸቱን ያስቆመችው ለሊሴ ናት። መጥታ፣ "ልለያቸው ቲቸር?" አለችኝ። ፈቀድኩላት። ካርቶኑን ወለል ላይ ደፋችና ተንበርክካ ጀመረች። ይቺ የፈይሳ ናት፣ ድንጋይ መትቷት ጎኗ ነጭ ሆኗል። ይቺ የቀነኒ ናት፣ ከመሀሏ ሁለት አረፋ አለ። ይህ ብረት የገመዳ ነው፣ ዝገቱን በሎሚ ለማስለቀቅ ሞክሮ አቅቶታል። ሁሉንም ታውቃቸዋለች፤ አብዛኞቹ በጨዋታ አሸንፋ ወስዳ በማግስቱ ለየባለቤቱ የመለሰቻቸው ናቸውና። የምትጠራው ልጅ እየመጣ የራሱን እየወሰደ ይቀመጣል፤ አንድም ጭቅጭቅ አልተነሣም። የእኔ የሳርዲን ቆርቆሮ ጥበብ የት እንደገባ አላውቅም።

ካርቶኑ ባዶ ሆነ። በቃ፣ ሁሉም ደረሰው ብዬ እጄን ሳራግፍ ፈይሳ ከኋላ ወንበር ተነሥቶ፣ "የለሊሴ ትልቋስ?" አለ።

ጠፍታ ይሆናል ልል አፌን ከፈትኩ። ግን የልጆቹ ዓይኖች ሁሉ ወደ አንድ ቦታ ዞሩ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ያ ትንፋሽ የማያስገባ ቤልቦተም ጭኔ ላይ ተወጥሮ፣ ብይዋ ከነሙሉ ክቧ በኪሴ ጨርቅ ላይ ታትማ ትታያለች። የሃምሳ ልጅ መምህር ነኝ፣ ቁጥሬንም ፊደሌንም የሚቀበሉኝ እኔን አምነው ነው፤ በዚያች ቅጽበት ሌባ ሆኜ ከፊታቸው ቆምኩ።

ለሊሴ ገና ከወለሉ አልተነሣችም። ቀና ሳትል፣ "እሷን ለብቻ እንዲያስቀምጡልኝ እኔ ነኝ የለመንኳቸው" አለች። "ከሌላው ጋር እንዳትጋጭብኝ። በኪሳቸው ያዙልኝ።"

የክፍሉ ትንፋሽ ሲመለስ ተሰማኝ። ፈይሳ፣ "ኤዬ፣ እሺ" ብሎ ተቀመጠ። እኔ ኪሴ ውስጥ እጄን ለማስገባት ታገልኩ፣ ሱሪው እንቢ አለኝ፣ ልጆቹ ሳቁ፤ እንደዚያን ዕለት የሰው ሳቅ ደስ ብሎኝ አያውቅም። አውጥቼ በመዳፏ ላይ አኖርኩላት። እሷም ልክ እውነት እንደሆነ ሁሉ አመሰገነችኝ።

ደወል ከተደወለ በኋላ ቀረች። የባኮዎቹን አሥራ ሁለት ብዮች አውጥቼ ውሰጃቸው አልኳት፤ ይቅርታ የሚለውን ቃል ማውጣት አቅቶኝ ነው። አልወሰደችም። ከዚያ ሳልጠይቃት ነገረችኝ። ትልቋን ብይ የሰጣት ታላቅ ወንድሟ ነው፤ ለብሔራዊ ውትድርና ሲሄድ፣ ተመልሼ እስክመጣ በእጅሽ ያዢልኝ ብሏታል። እሷም በእጅሽ ያለውን ቃል በቃል ወስዳ ቀን ቀን ከእጇ፣ ሲመሽ ከትራሷ ሥር አትለያትም ነበር። ከኅዳር እስከ ጥር ግን የነበረችው እኔ ጋ ነው። እምብርቷን እያየሁ፣ እናት አላት እያልኩ የተደነቅኩባት ዕቃ የምትጠብቃት እህት እንዳለቻት አልጠየቅኩም። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

"ብይ በስጦታ አይወሰድም" አለችኝ ባኮዎቹን እያየች። "ከፈለጉ ይጫወቱ።"

ተጫወትኩ። በዚያ ሱሪ፣ በትምህርት ቤቱ ግቢ አቧራ ውስጥ ተንበርክኬ፣ ስምንት ዓመት በምበልጣት ልጅ አሥራ ሁለቱንም ተራ በተራ ተበላሁ። ኦቦ ደሬሳ የግምጃ ቤቱ በር ላይ ቆመው ይስቁብኛል። ስድስተኛው ላይ ሱሪው ከኋላ ተተረተረና ቀሪውን የተጫወትኩት ሹራቤን ወገቤ ላይ አስሬ ነው። ወንድሟ በሰኔ በሰላም ተመለሰ፤ መንገድ ላይ ሳገኘው ለሰላምታ የተዘረጋውን እጁን በሁለት እጄ ነው የጨበጥኩት፣ ምክንያቱን አያውቅም።

ከዚያ በኋላ በብዙ ከተማ አስተምሬአለሁ። እምብርት ያላት ብይ ግን ዳግም አላጋጠመችኝም፤ አምቦ ሠርግ ላይም ያው ፈልጌ አጣሁ። ባለቤቴ ምን እንደምፈልግ ስትጠይቀኝ የፋብሪካና የእጅ ሥራን ልዩነት አስረዳኋት፤ የቀረውን አልነገርኳትም። እነሆ አሁን ጻፍኩት። በሠላሳ ስድስት ዓመት የማስተማር ዘመኔ ክፍል ውስጥ እስክሪብቶ ጠፍቷል፣ ላጲስ ጠፍቷል፣ አንድ ጊዜ የእኔው ሰዓት ጠፍቷል። ሌባው ማን እንደሆነ ከፊቱ ያወቅኩበት ጊዜም ነበር። አንድም ልጅ ግን በጓደኞቹ ፊት አቁሜ ኪሱን ፈትሼ አላውቅም።