በሕማማት የተሳመው ወንድሜ

እርጥብ የበግ ጠጉር ሲሸተኝ እስከ ዛሬ ልጅነቴ ይመለስብኛል። ትናንት እዚህ ደብረ ብርሃን ዝናቡ አላባራ ብሎኝ ያጠብኩትን የባና ብርድ ልብስ ሳሎን ውስጥ ወንበሮች ላይ ዘርግቼ ሳሰጣው፣ ያ ከባድ የጠጉር ሽታ ቤቱን ሞላው፤ ልጄ አፍንጫዋን ይዛ ወደ ክፍሏ ሸሸች፣ እኔ ግን ወንበሩ አጠገብ ቆሜ ቀረሁ። አንኮበር ያደግኩበት ቤት እንዲህ ነበር የሚሸተው።

አባቴ ባና ሸማኔ ነበር። እናቴና እኔ የበጉን ጠጉር አጥበን፣ በደጋን ነድፈን እንፈትል ነበር፤ እሱ ደግሞ እግሩን የሸማ ጉድጓዱ ውስጥ ከትቶ ከጠዋት እስከ ማታ ብርድ ልብስ ይሠራ ነበር። ክረምት ሲገባ ጉሙ ከቆላው እየተግተለተለ ወጥቶ ግቢያችንን ይውጠውና፣ የአጥሩ ጥድ እንኳ አይታይም ነበር። ያን ጊዜ ዓለም ማለት እንዝርቴና የአባቴ መወርወሪያ ድምፅ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ጌታሁን ያንን ጉድጓድ እንዲወርስ ነበር የሚጠበቀው፤ እሱ ግን ገና ሲያየው ፊቱ ይጠቁር ነበር። አባቴ «ና እስቲ፣ ተቀመጥና ሞክረው» ባለው ቁጥር አንድ ሰበብ ፈልጎ ይወጣል፣ ሲመሽ ይመለሳል፣ ተኮራርፈው ያድራሉ።

አንድ የነሐሴ ቀን ሰበቡ ሁሉ አለቀበትና «እኔ በቁሜ አልቀበርም!» ብሎ ጮኸ፣ ግድግዳው ላይ የተሰካውን ማጭድ መዞ፣ ግማሽ የደረሰውን ባና ድር ከዳር እስከ ዳር ቆረጠው። ክረምቱን ሙሉ እናቴና እኔ የፈተልነው ድር ነው። አባቴ ጉድጓዱ ውስጥ እንደተቀመጠ ቀና ብሎ አየው እንጂ አልተነሣም፣ አልረገመውምም። ጌታሁን ማጭዱን ጥሎ በጉሙ ውስጥ ወጥቶ ሄደ። በኋላ አረርቲ ወርዶ ሽምብራ እያጨደ፣ ያገኘውንም ከጓደኞቹ ጋር እያጠፋ እንደሚኖር ከገበያ የመጡ ሰዎች ነገሩን።

አባቴ በማግስቱ የተቆረጠውን ድር ክር በክር ይቋጥር ጀመር። እናቴ «ተወው፣ ሌላ እንፈትላለን» ብትለው አልሰማትም፤ ዓይኑ እስኪቀላ ቋጥሮ፣ ባናውን ሸምኖ ጨረሰው። መሀሉ ላይ ከዳር እስከ ዳር የቋጠሮ መስመር ወጥቶበት ነበር። ሌላውን ሁሉ ገበያ ወሰደው፣ ያንን ግን አጣጥፎ ሣጥን ውስጥ አስቀመጠው።

መስከረም ሲጠባ አክስቴ፣ የአባቴ እኅት፣ ከደብረ ብርሃን መጣች። እኔ በሰፈራችን ያለውን ትምህርት ጨርሼ ስለነበር፣ እሷ ቤት ሆኜ እንድማር ካለፈው ዓመት ጀምሮ ተነጋግረው ነበር፤ ልብሴንም አጥቤ ጠብቄያታለሁ። አባቴ አክስቴን አስተናግዶ፣ በልታ ጠጥታ ከጨረሰች በኋላ፣ ረጋ ባለ ድምፅ «አንዱ ወጥቶ ቀርቷል። እሷ ከዚህ በር አትወጣም» አለ። አክስቴ ለመነች፣ ተቆጣች፣ አለቀሰች፤ ብቻዋን ተመለሰች። በዚያው ሰሞን ለግቢው በር ከወይራ የተጠረበ አዲስ መቀርቀሪያ ተሠራለት፣ ውሃ ልቀዳ ስሄድ እንኳ እናቴ ደጅ ቆማ እንድትጠብቀኝ ተደረገ። ወንድሜ ድሩን ቆረጠ፣ የታሰርኩት ግን እኔ ነበርኩ። እንዝርቱን ባሽከረከርኩ ቁጥር የራሴን ገመድ የምፈትል ይመስለኝ ነበር፣ በሁለቱም እናደድ ነበር፤ በሄደውም፣ ባስቀረኝም።

የጥር ብርድ መጣ። አንኮበርን በጥር የማያውቅ ሰው ብርድ አውቃለሁ ባይል ይሻለዋል። ጥርሴ እየተንገጫገጨ «አባዬ፣ ሣጥን ያለውን ባና ልደርበው?» አልኩት።

«እሱ ባለቤት አለው» አለኝ፤ የራሱን አውልቆ አለበሰኝና እሱ በነጠላ ጋቢ ተኮራምቶ ተቀመጠ። ባለቤቱ ማን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ሞቆኝም ቢሆን አለቀስኩ።

ሁዳዴ ተገባደደ፣ ሕማማት ገባ። በሕማማት ይሁዳ ጌታን ስሞ አሳልፎ ስለሰጠ ሰው ለሰው አይሳሳምም፣ እጅ ለእጅም አይጨባበጥም፤ ይህንን ሥርዓት ደግሞ እንደ አባቴ የሚያጠብቅ አልነበረም። አንድ ዓመት አክስቴ ሳታስበው ልትስመው ስትጠጋ፣ ወደ ኋላ አፈግፍጎ ከሩቅ እጅ ነሥቷት፣ ተቀይማው ነበር። በዚያ ሳምንት ሥራ ስለማይሠራ ቤቱ ጭር ይል ነበር፣ አባቴም ሲሰግድ ውሎ ጉልበቱን እያሸ ይመለስ ነበር።

እንዲህ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ነው ጌታሁንን በራችን ላይ ያገኘው። እኔ ቀደም ብዬ አይቼዋለሁ፤ ወባ አመድ አስመስሎታል፣ ጫማ አልነበረውም፣ ግባ ብለው አልገባም ብሎ አጥሩን ተደግፎ ቆሞ ነበር። አባቴን ሲያይ መሬት ላይ ወደቀ።

«አባዬ፣ ልጄ በለኝ አልልም» አለ። «ጠጉር አጥባለሁ፣ እንደ ቅጥር ሠራተኛ…»

አባቴ አላስጨረሰውም። ያን ሁሉ ሲሰግድ የዋለ ሰው ሮጠ፤ ከመሬት አንሥቶ አንገቱን አቅፎ ጉንጩን፣ ግንባሩን፣ ዓይኑን ሳመው።

«ኧረ ሕማማት ነው!» አለች እናቴ፣ ደንግጣ አፏን ይዛ።

«ይሁዳ የሳመው አሳልፎ ሊሰጥ ነው» አላት አባቴ፣ ሳይለቀው። «እኔ የተሰጠኝን ነው የሳምኩት።» ከዚያ ሣጥኑን አስከፍቶ ያንን ባና አመጣና ትከሻው ላይ ጣለለት። ጌታሁን ቋጠሮዎቹን በጣቱ ዳሰሳቸው፣ ምን እንደሆኑ ሲገባው ድምፅ አውጥቶ አለቀሰ። በግ እንዳይታረድ ጾም ነው፤ እናቴ ንፍሮ ጣደች።

እኔ አልገባሁም። የግቢው በር አጠገብ ያለው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ከውስጥ ለቅሶአቸውንና ሳቃቸውን እየሰማሁ ቀናሁ፤ ሌላ ስም የለውም፣ ቀናሁ። አባቴ ወጥቶ «ነይ እንጂ ልጄ» ሲለኝ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኽኩበት።

«እኔ ምን ቆረጥኩ? እሱ ወጥቶ ሲመጣ ይሳማል፣ እኔ ሳልወጣ ይቀረቀርብኛል!»

ይቆጣል ብዬ ነበር። እሱ ግን ቀስ ብሎ አጠገቤ ተቀመጠና መቀርቀሪያውን አየው። «የእሱን በደል የከፈልሽው አንቺ ነሽ» አለኝ። «ፈርቼ ነው። ይቅር በዪኝ።» አባት ልጁን ይቅርታ ሲጠይቅ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ግንባሬን ሳመኝና «በመስከረም አክስትሽ ጋ ትሄጃለሽ» አለ። አባቴ በዚያን ቀን ሕማማትን ሁለት ጊዜ ሻረ። ስቅለት ዕለት ሁለቱንም ለንስሐ አባቱ ተናግሮ፣ የታዘዘለትን ስግደት ደስ እያለው ሲሰግድ አይቼዋለሁ።

በመስከረም ሄድኩ። በሩን ራሱ ከፈተልኝ፤ መታጠፊያው ላይ ዞሬ ሳይ አልዘጋውም ነበር።

አባቴ ካረፈ ቆይቷል። የሸማ ጉድጓዱ ውስጥ የሚቀመጠው አሁን ጌታሁን ነው፤ ማንም ሳያስገድደው ገባበት። ያንን ባለ ቋጠሮ ባና ባለፈው ሰሞን «ለልጅሽ» ብሎ ላከልኝ፤ ዩኒቨርሲቲ ሩቅ አገር እንደተመደበች ሰምቶ ነው። እኔ ግን መንገዱን ምክንያት አድርጌ፣ ዘመኑን ምክንያት አድርጌ፣ አትሄጂም ብያታለሁ፤ ሳምንቱን ሙሉ ተኮራርፈን ነው ያለነው። ያኔ ከበሩ ወዲያ ማዶ ያለውን ብቻ ነበር የማየው፤ ዛሬ መቀርቀሪያውን የያዝኩት እኔ ስሆን፣ አባቴ ለምን ፈርቶ እንደነበር ገብቶኛል። ዛሬ ጠዋት ባናው ደረቀ። ቋጠሮዎቹን ወደ ውስጥ አድርጌ አጠፍኩትና፣ ልጄ እንደተኛች ለመንገድ ያዘጋጀችውን ሻንጣ ከፍቼ ከሥር አስገባሁት።