ለእሱ የመረጥኩለት ለስላሳ

ከባለቤቴ ጋር አብረን ያደረግነው የመጨረሻ ተራ ነገር አንድ የጣሳ ለስላሳ መካፈል ነበር። የእህቱ ልጅ ከአዲስ አበባ የላከችለት፣ ካፌይን የሌለው ዓይነት ነው፤ እዚህ ሚዛን ከተማ ፈልጌ አጥቼዋለሁ። ዝናብ ጥሎ ገበያተኛው ስለተበተነ ሱቃችን በር ላይ ተቀምጠን በሁለት ብርጭቆ ቀዳሁት። ቀመሰና፣ «ጣዕሙ ያው ነው፤ ጉልበቱ ግን እንደ እኔው ጡረታ ወጥቷል» አለኝ። ሳቅኩ። በማግስቱ ጠዋት አልነቃም።

ዕድሜውን ሙሉ ከቴፒና ከሸዋ ቤንች ቡና እየገዛ ሲሸጥ የኖረ ሰው ነበር። የልቡ ምት እየተዛባ ሲያስቸግረው ሐኪሙ ቡና ከለከለው። በእኛ አገር ደግሞ ቡና የተከለከለ ሰው ከጎረቤት ተለየ ማለት ነው። ሲጠሩት ሰበብ እየፈጠረ ቤት መዋል ጀመረ። አንጀቴ አልቻለም። አንድ ቀን ከሱቃችን ጥቁር ለስላሳ አነሳሁና፣ «ተነስ፣ እነሱ ቡናቸውን ይጠጡ፣ አንተ ይህን ትጠጣለህ» ብዬ ይዤው ሄድኩ።

ጎረቤታችን ጠርሙሱን ስታይ አላለፈችውም።

«ጋሼ፣ የእኔን ቡና ሸሽተው ለስላሳ ይዘው መጡ? ሠርግ ቤት መሰለዎት እንዴ?»

«ሠላሳ ዓመት ጠጣሁት፤ አሁን እሱ እኔን ሊጠጣኝ ሲል ነው የሸሸሁት!» አላት።

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ አንድ ጠርሙስ ይዤለት እሄድ ነበር። መድኃኒቱን በእጄ የምሰጠው ያህል ደስ ይለኝ ነበር።

ፋርማሲ የምትሠራው የእህቱ ልጅ ለፋሲካ መጥታ ጠርሙሱን አገላብጣ አነበበች።

«እትዬ፣ ይሄም እኮ ካፌይን አለበት። ቡናውን የከለከሉት በእሱ ምክንያት ነው።»

እኔ ካፌይን ቡና ውስጥ ብቻ ያለ ነገር ይመስለኝ ነበር። ማንበብ የምችል ሴት ነኝ፤ ያን ሁሉ ወር ግን አላነበብኩም። ፊቴ ሲለዋወጥ አይቶ፣ «ተይ እስቲ፣ ከሰው የቀላቀለኝ እሱ ነው» አለኝ። ያን የጣሳውን ለስላሳ የላከችለት ከዚያ ወዲህ ነው።

አርባው ካለፈ በኋላ አማን ሆስፒታል ሄጄ ሐኪሙን ጠየቅኩት።

«ዶክተር፣ እኔ ነኝ የገደልኩት?»

ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። «እማማ፣ ልባቸው ድሮም ደክሞ ነበር። በቀን አንድ ለስላሳ አልገደላቸውም። እኔስ ቤት ተዘግተው ቢተክዙ ነበር የምፈራው።»

አምኜው ወጣሁ። ጠዋት ጠዋት አሁንም አምነዋለሁ። ከሰዓት በኋላ፣ ጎረቤቴ ቡና ጠጡ ብላ ስትጣራ፣ እምነቴ ይላላል።

አሁን ሱቁን የምጠብቀው እኔ ነኝ። ገዢ በሌለ ሰዓት መነጽሬን አድርጌ፣ የምሸጠውን ዕቃ ጀርባ አንድ በአንድ አነባለሁ።