ያላረፈው ትከሻዬ

ጦር ወርዋሪ ነበርኩ። ይህን ስል እዚሁ መሐል ሜዳ ከተማ እንኳ የሚያምነኝ ጥቂት ሰው ነው። "የስንት ሺህ ሜትር ሯጭ ነበርሽ?" ይሉኛል፤ አገራችን ከሩጫ ሌላ ስፖርት ያላት አይመስላቸውም። ሯጭ አልነበርኩም! ጦር ነበር የምወረውረው፤ ያውም የአገሬን ማልያ ለብሼ ውጭ አገር ድረስ ሄጄ።

ያሠለጠነኝን ሰው ፊት ለፊት "እርስዎ" ስለው ኖሬያለሁ። እዚህ ግን "እሱ" እለዋለሁ፤ ከዚህ በላይ ክብር ከእኔ አያገኝም።

ከውጭው ውድድር ስመለስ ቀኝ ትከሻዬን ያመኝ ጀመር። መጀመሪያ ስወረውር ብቻ ነበር፤ በኋላ ፀጉሬን ስሠራም፣ ጎኔን ሳሳርፍም ያመኝ ነበር። የቡድኑ ወጌሻ አሽቶኝ ሲያበቃ "ይቺ ልጅ ማረፍ አለባት" አለ። አሠልጣኙ ግን ሌላ ውድድር ደርሶበት ነበርና "ሰውነቷ ስላልሞቀ ነው" ብሎ አለፈው። ጠዋት ጠዋት ውርጩ ሳይገፈፍ ያስወረውረኛል። አልችልም ስል "ቦታሽን የሚፈልግ ሞልቷል" ይለኛል። ሞልቷል! ጦር መወርወር ስፖርት መሆኑን የሚያውቅ ሰው በማይገኝበት አገር!

አባቴ ይህን ሲሰሙ የገብስ አጨዳቸውን ጥለው፣ ጓሳ ከሚባለው የሳር ምድር አጠገብ ካለው መንደራችን መጡ። አሠልጣኙን ሜዳው ዳር አገኙትና ባርኔጣቸውን አውልቀው ለመኑት።

"ጌታው፣ እኛ ጓሳ ላይ ሳሩ ሲጎዳ እንዘጋዋለን። በግ አይገባበት፣ ማጭድ አይገባበት። የቤታችን የሳር ክዳን ቢያፈስም እስኪያገግም እንታገሠዋለን። ይቺንም ልጅ እስከ መጪው መስከረም ዝጉልኝ።"

"አባቴ፣ እሷ እኮ ሳር አይደለችም!" አለና ሳቀ። አብረውት የቆሙትም ሳቁ። ያ ሳቅ ዛሬም ያንገበግበኛል። ሽማግሌ ባርኔጣውን አውልቆ ስለ ልጁ ሲለምን ምኑ ነው የሚያስቀው?

በዚያው ሳምንት ስወረውር ትከሻዬ ውስጥ የሆነ ነገር ተበጠሰ። ጦሩ እግሬ ሥር ወደቀ። ውድድሩም ቀረ፣ ውርወራውም ቀረ። ከቡድኑ አንድ ጊዜ ብቻ ተደወለልኝ፤ ያውም ቱታውን እንድመልስ ነበር።

አሁን መምህርት ነኝ። ቀኝ እጄ ከደረቴ በላይ ስለማይወጣ ሰሌዳው ላይ የምጽፈው ከታች ብቻ ነው። ከኋላ የተቀመጡት ተማሪዎቼ ብድግ እያሉ ያነባሉ።

አምና የቀድሞ ስፖርተኞችን እናመስግን ተብሎ መሐል ሜዳ አዳራሽ ተጠራሁ። አባቴን ይዤ ሄድኩ። ዋንጫ ሰጪው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? እሱ ራሱ! አቅፎ ሳመኝ፤ "እኔ ያፈራኋት ናት" ብሎ ለሕዝቡ ተናገረ፤ ተጨበጨበለት። ከዚያ ዋንጫውን በግራ እጄ ስቀበለው ወደ ፎቶ አንሺው እያዞረኝ "በቀኝሽ ያዥው እንጂ! ከፍ አድርጊው!" አለኝ።

"ቀኙ አይወጣም" አልኩት።

ደነገጠ። የምሩን ነበር የደነገጠው።

"ውይ! መቼ ነው የተጎዳሽው?"

አባቴ ከፊት ወንበር ላይ ሆነው ሰሙት። ጉልበታቸው ላይ የነበረውን ባርኔጣ አንሥተው ራሳቸው ላይ ደፉና ወደ በሩ ሄዱ። እኔም ዋንጫውን እጁ ላይ ትቼለት ተከተልኳቸው።