ግሌኒስ ከቡድኗ ያወጣችው ልጅ

ግሌኒስ በፈላ ውሃ የነከረችውን ቲማቲም እየላጠች ነበር፤ ለክረምት የሚቀመጥ ድልህ ልትሠራ። ጣቶቿ ስለረጠቡ፣ ከስኳር ቆርቆሮው ጋር ያስደገፈችውን ስልክ በክርኗ ነካ እያደረገች የተጫዋቾች ስም ታያለች። የኳሱ የውድድር ዘመን በዚያ ሳምንት ይጀመራል፤ የእሷ ቡድን ግን ገና አልሞላም።

ከሜልበርን ርቆ በሚገኘው በዊመራ የስንዴ አገር ተወልዳ እዚያው ያረጀች ሴት ናት። ዕድሜዋን ሙሉ በከተማው የኳስ ክበብ ወጥ ቤት የሥጋ ፓይ እያሞቀች፣ በመስኮቱ በኩል በእጅም በእግርም የሚጫወቱባትን ሞላላ ኳስ ስትከታተል ኖራለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ቤተሰቡን በየሳምንቱ የሚያገናኘው በስልክ የሚጫወቱት የምናብ ቡድን ጨዋታ ነው። እያንዳንዱ ሰው በተሰጠው የውሸት ገንዘብ እውነተኛ ተጫዋቾችን ይገዛል፤ እነሱ ሜዳ ላይ በመቱትና በቀለቡት ኳስ ልክ ለገዢው ነጥብ ይቆጠርለታል። ውዶቹ አያሳፍሩም። ርካሾቹ ጀማሪዎች ቢወድቁም አያስቆጩም። ሰው የሚያብደው በመካከለኞቹ ነው፦ ዐምና ተጎድተው ዋጋቸው የወረደ፣ ከዳኑ የሚያነግሡ፣ ካልዳኑ ዓመቱን ሙሉ የሚያቃጥሉ።

ዘንድሮ ከመካከለኞቹ አንዱ የልጅ ልጇ ጃሮድ ነበር። ሁለት ጊዜ ጉልበቱን ተቀዶ፣ ሜልበርን ያለው ክለቡ የመጨረሻ ዕድል ሰጥቶታል። ያን ዕለት ሊጠይቃት መጥቶ ከድስቱ በማንኪያ ይቀምሳል።

«አያቴ፣ ዘንድሮም አለሁበት አይደል?»

«አንተን ያልያዘ ምን ቡድን ይባላል! ተው፣ አፍህን ታቃጥላለህ።»

«ካላስገባሽኝ ለገና አልመጣም።»

«እሰይ፣ አንድ በላተኛ ቀነሰልኝ!»

ሳቀ፤ ሳማትና በጓሮ በር ወጣ። ደረጃውን ሲወርድ በመስኮት አየችው። አንድ እግሩን ያወርዳል፣ ቆም ይልና ሌላውን ያስከትላል፤ እጁ ከመደገፊያው አይለቅም። መኪናው ጋ ሲደርስ ዞር ዞር ብሎ ማንም እንዳላየው አረጋገጠና ጉልበቱን አሸት አደረገ።

ግሌኒስ እጇን አደረቀች። መኪናው ገና ከግቢው ሳይወጣ ጃሮድን አውጥታ፣ ዋጋው ከእሱ የሚተካከል፣ ትከሻው የዳነለትን ቀይ ጸጉራም ልጅ አስገባች። «ሐኪሞቹ አይተውታል፤ እኔ ምን አውቃለሁ» አለች ለራሷ። ወደ ቲማቲሟም ተመለሰች።

በዚህ ጨዋታ የማንም ቡድን ለሌላው አይታይም፤ የመጀመሪያው ግጥሚያ ሲጀመር ግን የሁሉም ይገለጣል። ያንን ግጥሚያ የጃሮድ ክለብ ነበር የሚከፍተው። በልጇ በሊያን ቤት ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠው ሳለ፣ የግሌኒስ ወንድም ኔቪል ስልኩን እያየ ጮኸ።

«ጉድ በሉ! አሮጊቷ የልጅ ልጇን ሸጠችው!»

«ምን?» አለች ሊያን፣ የጃሮድ እናት።

«የለም ስልሽ! ክለቡን የምጠላው እኔ እንኳ ይዤዋለሁ።»

«ዝም በል ኔቪል፤ ዐምና ጡረታ የወጣ ሰው የገዛኸው አንተ ነህ» አለች ግሌኒስ። ሁሉም ሳቀ። እሷም ሳቀች።

በሁለተኛው ሩብ ጃሮድ ኳስ ሊቀልብ ዘለለ። ማንም አልነካውም። ሲያርፍ ጉልበቱ ወደ ጎን ሄደ። በዚያ ሁሉ ሕዝብ ሁካታ መሃል የእሱ ጩኸት ለብቻው የተሰማ መሰላት።

ኔቪል በአፉ የያዘውን ድንች ማኘክ አቆመ። ሊያን ቴሌቪዥኑን ትታ ወደ እናቷ ዞረች።

«እማዬ፣ ታውቂ ነበር?»

«ደረጃ ሲወርድ… አየሁት።»

«አይተሽ ምን አደረግሽ?»

ግሌኒስ ያደረገችው በሁሉም ስልክ ላይ ይታይ ነበር።

«ከቡድንሽ አወጣሽው» አለች ሊያን፣ ድምጿን ሳታነሳ። «ለእኔ መደወል ግን አቃተሽ።»

ያን ሳምንት ስልኩ ከግሌኒስ እጅ አልተለየም። ልጁን ልጥራው፣ ልንገረው የሚል ሐሳብ ግን አንዴም ሽው እንዳላለባት ገና ያኔ ገባት። ሊያን የመኪና ቁልፏን ይዛ ወደ ሜልበርን ስትሮጥ እንኳ እሷ ከተቀመጠችበት መነሳት አልቻለችም።

ጃሮድ ለሦስተኛ ጊዜ ተቀዶ ሲነቃ ሄዳ ጠየቀችው።

«አያቴ፣ ብትነግሪኝም እኮ አልሰማሽም ነበር» አላት።

«አለመስማቱ ያንተ ይሆን ነበር» አለችው። «መንገሩ የእኔ ነበር።»

እሱም ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ቡድኗን ከዚያ ወዲህ አልነካችውም። ቀይ ጸጉራሙ ግን ነጥብ በነጥብ ላይ ስለሚከምርላት፣ ቤተሰቡን ሁሉ አስከትላ ትመራለች። የከተማው ሰው ዓይኗን አድንቆ አልጠግብ አለ። ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ ሳይቀር «እትዬ ግሌኒስ፣ ማንን ላስገባ? ማንን ላውጣ?» ይሏታል። ቦርሳዋን ስትበረብር ትቆይና ዳቦ ሳትገዛ ትወጣለች።

እናንተ እንኳ፣ በዚያ ካለፋችሁ፣ እባካችሁ ይህን አትጠይቋት። ጃሮድ እንዴት ሆነልሽ በሏት።