አዲጋላ ላይ የተጠማው እንግዳ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። የንስሐ አባቴ ጋ ስቀርብ «ሌላስ ልጄ?» ይሉኛል፤ ሌላውን ሁሉ በተራ በተራ እነግራቸውና እዚህ ላይ ስደርስ እዘለዋለሁ። አንተ አንባቢ ግን መልኬን አታውቀውም። መልኬን ለማያውቅ ሰው መናገር ይቀለኝ እንደሆነ ልሞክር።

ጅግጅጋ የተመደብኩት የአይሲቲ መምህር ሆኜ ነው። ገና ከዩኒቨርሲቲ መውጣቴ ነበር፤ ማስረዳት የማይሰለቸኝ፣ ነገር ሁሉ ቦታ ቦታውን ካልያዘ የሚጨንቀኝ ልጅ ነበርኩ። እዚያ ሊባን የሚባል የከተማው ተወላጅ ጓደኛ አፈራሁ። ሊባን ቱሪስቶችን ከየአካባቢው አስጎብኚዎች ጋር የሚያገናኝ ስታርታፕ ጀምሮ ነበርና ድረ ገጹን እንድሠራለት ጠየቀኝ። ኮሮና አገር ምድሩን ከመዝጋቱ በፊት ነው። በደስታ ሠራሁለት። አሠራሩ ቀላል ነው፦ እንግዳው ከተማ ይመርጣል፤ የአስጎብኚዎቹ ፎቶ ይመጣለታል፤ ከፎቶው ሥር ቀደም ሲል የሄዱ እንግዶች የሰጡት አስተያየትና ኮከብ ይታያል።

ችግሩ አስተያየት የሰጠ እንግዳ አለመኖሩ ነበር። ድረ ገጹ ገና መከፈቱ ነው፣ ማን ይስጥ? ሊባን ደግሞ ሊደግፉን የሚችሉ ሰዎች ሰኞ መጥተው እንደሚያዩት ነገረኝ። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ከተማው ከምሳ በኋላ ጋብ ሲል፣ ቢሮ ብቻዬን ቁጭ ብዬ አስተያየቶቹን እኔው ጻፍኳቸው። በእንግሊዝኛ፣ በፈረንጅ ስም። ሊባን ከሰው የሰበሰብኳቸው መሰለው፤ እኔም እንደመሰለው ተውኩት።

በዚህ ባበቃ ኖሮ ተራ ውሸት ነበር። እኔ ግን ሥርዓት እወዳለሁ። ሁሉም አስተያየት ምስጋና ከሆነ ማንም አያምነውም አልኩ፤ አንድ ወቀሳ ያስፈልጋል። ማንን ልውቀስ? የጅግጅጋው አስጎብኚ እንግሊዝኛ ያነባል። የአውበሬው የሊባን ዘመድ ነው። የቀሩት የአዲጋላው አዴር ሙሴ ናቸው። አዴር በሶማሊኛ አጎት ማለት ነው፤ ትልቅ ሰው ሁሉ የሚጠራበት። አባታቸው የምድር ባቡር ሠራተኛ ስለነበሩ አማርኛን ከባቡር ሰዎች ለምደውታል፤ ማንበብ ግን አይችሉም። ድረ ገጽ ከመኖሩ በፊትም መንገደኛ ሲመጣ አሮጌውን ጣቢያና የዛጉትን ፉርጎዎች አሳይተው፣ ቤታቸው ወስደው የግመል ወተት የሚያጠጡ ሰው ናቸው። እሳቸውን መረጥኩ። ስለማያነቡት መረጥኳቸው። ይህን ዓረፍተ ነገር ለማለዘብ ብዙ ጊዜ ሞክሬአለሁ፤ አይለዝብም።

እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «አስጎብኚያችን ቀጠሮ ሰጥቶን ሳይመጣ ቀረ። ቀኑን ሙሉ ጣቢያው ላይ ፀሐይ ሲመታን ውኃ እንኳ የሰጠን ሰው የለም።» የጸሐፊውን ስም ፒተር አልኩት። ከአምስት ኮከብም ሦስቱን እንዲሰጥ አደረግኩት። ለእኔ ቀላል ወቀሳ ነበረች፤ እንዲያውም መጠኗን በማሳመሬ ኮራሁ።

ጅቡቲ የሚኖር የወንድማቸው ልጅ አነበበው። ወሬው አዲጋላ ደረሰ። እንግዳ በአገርህ ተጠምቶ ከሄደ እዚያ ነውሩ የአንድ ሰው ብቻ አይደለም፤ የዘመድ አዝማዱ ሁሉ ነው። ሽማግሌዎች ተሰብስበው አዴር ሙሴን ጠየቋቸው። እሳቸውም በድሬዳዋ በኩል ዞረው ጅግጅጋ መጡ።

ሊባን ገና በር ላይ ሲያያቸው እንደልማዱ ቀለደ፦ «አዴር! የሞተው ባቡር ተነሣ እንዴ?»

«ባቡሩስ ቢዘገይም ይመጣ ነበር» አሉ እየተቀመጡ። «የቀረሁት እኔ ነኝ አሉ።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «መዓሊን» አሉኝ፤ እዚያ መምህርን የሚጠሩት እንዲህ ነው። «አንተ የተማርክ ነህ። ይህ ሰውዬ መቼ ነው የመጣው?»

አሁን ተናገር፣ አልኩት ራሴን። አፌ ግን «ክረምት አካባቢ መሰለኝ» አለ።

ወራቱን ወደኋላ እየቆጠሩ አሰቡ። ሲያስቡ ማየቱ ነው እስከዛሬ የሚያሳምመኝ። «ክረምት ወባ ጥሎኝ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ስልኬም ተዘግቶ ነበር። ደውሎ አጥቶኝ ነው። ወላሂ፣ እኔ ነኝ።»

«ሊሆን ይችላል» አልኩ። እኔ፣ ማስረዳት የምወደው፣ ሰው ያልሠራውን ጥፋት እንዲያምን አስረዳሁ።

አስተያየቱን ላጥፋው ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። ደነገጡ። «እንግዳ የተናገረውን እኛ እንፋቀው? በነውር ላይ ነውር መጨመር አይሆንም? እሱ አፉ ካለኝ፣ ይቅር ካለኝ፣ ራሱ ይፋቀው። አንተ ብቻ አግኝልኝ። ፍየል አርጄ ላብላው፣ ውኃውንም ወተቱንም ላጠጣው በልልኝ።»

ሊባን እንኳ መቀለዱን ተወ። «በቃ፣ መዓሊን ይጽፍለታል አዴር» አላቸው።

ጻፍኩ። ለማን? ለራሴ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ስልክ ደውዬ «ፒተር መልሷል፤ ይቅር ብሎዎታል» አልኳቸው። ይቅርታውንም እኔ ፈጠርኩት። በስልኩ ውስጥ ሲያመሰግኑ፣ እኔን ሲመርቁኝ ሰማሁ፤ «አላህ ትልቅ ሰው ያድርግህ» አሉኝ። ፍየሏን አርደው መንገደኛውን ሁሉ እንዳበሉ በኋላ ተነገረኝ። አስተያየቱን አጠፋሁት። እነሆ ነገሩ ተስተካከለ፣ ሁሉም ቦታ ቦታውን ያዘ አልኩ። እንዲህ ማለቴ ከጥፋቱ ሁሉ አይከፋምን?

አልተስተካከለም። ወረርሽኙ ካለፈ በኋላ ሊባን ለወጣት አስጎብኚዎች ድሬዳዋ ላይ ሥልጠና አዘጋጀና ስለ ድረ ገጹ እንዳስረዳ ወሰደኝ። አዴር ሙሴም ልምዳቸውን እንዲናገሩ ተጋብዘው ነበር። ተነሡና «እኔ አንድ ጊዜ እንግዳ ጥዬ ቀርቻለሁ» ብለው ጀመሩ። ሰውየው ረጅም እንደነበር ተናገሩ፤ ሰፊ ባርኔጣ ማድረጉን፣ ጣቢያው ግድግዳ ጥላ ውስጥ ቁጭ ብሎ መንገድ መንገዱን ማየቱን ተናገሩ። እኔ ባርኔጣ አልጻፍኩም። ጥላም አልጻፍኩም። በኔ ውሸት ላይ ትዝታ አብቅለውበት ነበር። «ልጆቼ» አሉ፣ «እሱ ይቅር ብሎኛል፤ እኔ ግን ውኃ በጠጣሁ ቁጥር ይታወሰኛል።» አንዱ ወጣት በሶማሊኛ አንድ ነገር ብሎ ሊያጽናናቸው ሞከረ፤ እሳቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ የፊት ወንበር ላይ ነበርኩ። አጨበጨብኩ።

ልጅ ነበርኩ ልበል? ለጓደኛዬ ብዬ ነው ልበል? ብዙ ሰው በኢንተርኔት እንዲህ ያደርጋል ልበል? ሁሉንም ለራሴ ብዬው አውቃለሁ። ጽሑፉን ከድረ ገጹ ያጠፋሁት በአንዲት ጠቅታ ነው፤ ከሰውየው ልብ ግን በምን አጠፋዋለሁ?

ሂድና ንገራቸው እንደምትለኝ አውቃለሁ። አዴር ሙሴ በሕይወት አሉ፣ መንገዱም ክፍት ነው። የምፈራው ቁጣቸውን ቢሆን ኖሮ እስካሁን ሄጄ ነበር። የምፈራው የሚጠይቁኝን የመጀመሪያ ጥያቄ ነው። ስለ ስማቸው፣ ስለ ሽማግሌዎቹ፣ ስለ ፍየሏ አይሆንም፤ ጠባያቸውን አውቃለሁ። «ታዲያ ያ ሰው አልተጠማም?» ነው የሚሉኝ። አልተጠማም እላቸዋለሁ፤ ማንም አልተጠማም። ያን ጊዜ ፊታቸው ሲፈካ ማየት አለብኝ፤ ይህን ሁሉ ዓመት እኔ የነፈግኳቸውን እፎይታ እዚያ ፊት ላይ ማየት። ያኔም አፉ በሉኝ አልላቸውም።