የጉንጬን አፍ አትክፈቱ

አክስቴን ጀልባዎች ዓሣ በሚያራግፉበት የሐይቁ ማረፊያ ያለ ሰው ሁሉ «እትዬ ቅርፊት» ነው የሚላት። ትክክለኛ ስሟን የሚያውቅ ከተገኘ ወይ ዘመድ ነው ወይ ፖሊስ። ቅርፊት የተባለችው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ታጥባ፣ ተቀብታ፣ የክት ልብሷን ለብሳ ለቅሶ ቤት ስትገባ እንኳ ከጆሮዋ ኋላ አንዲት የዓሣ ቅርፊት እንደ ሎቲ ታብለጨልጫለች። አርባ ሰባት ዓመት ሙሉ በአንድ የሲሚንቶ ጠረጴዛ ላይ ዓሣ ስትፍቅ፣ ስትሰነጥቅ፣ ፊሌቶ ስታወጣ ኖራለች። መፋቂያዋ የለስላሳ ቆርኪ የተቸነከረበት እንጨት ነው። አንድ ጊዜ ፋብሪካ የሠራውን ገዝቼላት ነበር፤ አገላብጣ አየችውና «ለሙሽራ ይሆናል» ብላ መሳቢያ ውስጥ ጣለችው።

እኔ የእህቷ ልጅ ነኝ። እናቴ ስትሞት ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ ከጠረጴዛዋ ቀጥሎ ያለው ጠረጴዛ ደግሞ የእኔ ነው። ስለዚህ ስለ እሷ ክፉውንም ደጉንም ለመናገር ከእኔ የቀረበ ሰው የለም። ክፉውን ላስቀድም፤ ስለ ጉንጬ ማውራት ከጀመረች ማቆሚያ የላትም።

ጉንጬ የሐይቃችን ዓሣ ናት። ከዚህ ሐይቅ በቀር በየትም ውኃ አልተፈጠረችም ይላሉ። መዳፍ ታክላለች፤ ጀርባዋ ጠቆር፣ ሆዷ ቢጫ ያለ ነው። እንቁላሏን የምታቅፈው አፏ ውስጥ ነው። ልጆቿ ከተፈለፈሉ በኋላም እስኪጠነክሩ ድረስ እዚያው ናቸው፤ እናትየዋ እስከዚያ አንዳች ነገር አትቀምስም። ጉንጯ ስለሚነፋ ነው ጉንጬ የተባለችው። አያቴ፣ የአክስቴ አባት፣ ዓሣ አጥማጅ ነበር። ጉንጯ የተነፋ ዓሣ መረቡ ውስጥ ካገኘ «አራስ ናት» ብሎ ወደ ውኃው ይመልሳት ነበር። ያኔ ሁሉም እንደዚያ ያደርግ ነበር አሉ። ኋላ ግን ሥጋው ብዙ ነው ተብሎ ከሌላ ውኃ አንድ ትልቅ ዓሣ አመጡና ጨመሩበት። «እንግዳው» ነው የምንለው። እንግዳው ባለቤቶቹን እየበላ ቤቱን ወረሰ፤ ከእሱ የተረፉትን ደግሞ ዓይኑ የጠበበ መረብ ጠራረጋቸው። ጉንጬን አየሁ የሚል ሰው ከጠፋ ሃያ ስድስት ዓመት ሆነ።

የምርምር ጣቢያው ሰዎች ሥዕሏን ማረፊያው ግድግዳ ላይ ለጥፈውት ነበር፤ «በሕይወት ያገኘ በዚህ ስልክ ይደውል» ይላል። ሥዕሉ በፀሐይ ብዛት ነጥቶ ዓሣ ይሁን ጫማ አይለይም። አክስቴ ግን ጠዋት ጠዋት ሽርጧን ከማሰሯ በፊት እዚያ ጋ ቆም ትላለች። እኛም «የባልሽን ፎቶ እንኳ እንዲህ አላየሽውም» እያልን እንቀልድባታለን። «እሱ ይኼን ያህል አልናፈቀኝም» ትላለች፣ ሳትስቅ። ከመሞቷ በፊት አንዲት ጉንጬ በሕይወት ማየት ነበር ምኞቷ። ሌላ ምኞት ስትናገር ሰምቼ አላውቅም።

አንድ «ዝምታ» የምንለው ዓሣ አጥማጅ አለ። ስሙ የወጣለት አፉ ለአፍታ ስለማያርፍ ነው። በዚያች ዕለት ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ጀልባውን አስጠግቶ፣ ሚስቱ ስለገዛችው ድስት እያወራ፣ ለማጥመጃ የሚሆኑ ጥቃቅን ዓሦች የያዘውን ሳጥን ጠረጴዛችን ላይ ዘረገፈው። አክስቴ እጇን ሰደደችና ደርቃ ቀረች። ከዚያ በሁለት መዳፎቿ አንዲት ዓሣ አነሳች። ጉንጮቿ ተነፍተዋል፤ መተንፈሻዋ ይንቀሳቀሳል።

«ውኃ!» ብላ ጮኸች። «ከሐይቁ! የቧንቧ እንዳታመጪብኝ!»

ባልዲ ይዤ ሮጥኩ። ስመለስ ሰው ከቧታል። ዝምታ እንኳ ዝም ብሏል። የማኅበራችን ሰብሳቢ ሰዉን ገፋ ገፋ አድርጎ መጣና ባልዲው ላይ አቀረቀረ።

«ይኼማ ተራው ዓሣ ነው፤ ጉንጩ አብጦ ነው። እስቲ አፉን ክፈቺውና እንየው።»

በእኛ ሥራ ይህ ቀላል ነው። አውራ ጣትን መንጋጋው ሥር አግብቶ ጫን ማድረግ ነው፤ አፉ ብርግድ ይላል። ልጆች ካሉ ይወጣሉ፤ ከሌሉም ነገሩ እዚያው ያበቃል።

«አይከፈትም» አለች አክስቴ።

«ታዲያ በምን ይታወቃል?»

«የጣቢያው ሰዎች እስኪመጡ አይታወቅም።»

ሰብሳቢው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሚኝ እትዬ፣ ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል። እነዚህ ሰዎች ጉንጬ ተገኘች ካሉ ሸምበቆው ዳር ያለውን ውኃ እንዳለ ይዘጉብናል።»

«ይዝጉት።»

«የት ልናጠምድ ነው?»

«የቀረው ሐይቅ አልበቃህም?»

ጣቢያው ደወልኩ። ተመራማሪዋ ከሐይቁ ወዲያኛው ጫፍ ናት፤ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት አልደርስም አለች። ውኃው አየር እንዳያጥረው በጣሳ እየቀዳን፣ ከፍ አድርገን ቀስ እያልን እንድንመልሰው ነገረችን። አክስቴ ሳጥን ገልብጣ ተቀመጠች፤ ባልዲውን ከፀሐይ በእርጥብ ጆንያ ጋረደችና መቅዳት፣ ማፍሰስ፣ መቅዳት፣ ማፍሰስ ጀመረች። ሰብሳቢው እየሄደ «ዓሣ ስታጠቢ ዋይ!» አላት። ሁሉም ሳቀ።

ሰባት ሰዓት ላይ ትዕግሥቴ አለቀ። የሁለት ጠረጴዛ ሥራ ለብቻዬ ይዤአለሁ፣ በረዶው ይቀልጣል፣ ደንበኛ ይጮህብኛል። እሷ ከመቀመጫዋ ንቅንቅ አላለችም። «ለባዶ ጉንጭ ነው እንዲህ የምንጃጃለው?» አልኩና እጄን ባልዲው ውስጥ ከተትኩ። አውራ ጣቴ መንገዱን ያውቀዋል። መንጋጋዋን ሳልነካው አክስቴ አጮለችኝ። እጄን እንዳይመስላችሁ፤ ፊቴን ነው። እኔ እኮ የሠላሳ አራት ዓመት ሴት ነኝ። በልጅነቴ እንኳ እጇን አንስታብኝ አታውቅም።

ሁለታችንም ደነገጥን። እሷ ግን ጣሳዋን አላቆመችም፤ እየቀዳች፣ እያፈሰሰች ነው የነገረችኝ።

«የመጨረሻዋን የገደልኳት እኔ ነኝ።»

«የምን የመጨረሻ?»

«የዛሬ ሃያ ስድስት ዓመት። ዓሣው ተቆልሎ ነበር፤ ሰው ወረፋ ይዟል። አንዷን አነሳሁ፣ ሳላያት አናቷን ሰነጠቅኩት። ጠረጴዛው ላይ ተልባ የተደፋ መሰለኝ። ለካ ዓይናቸው ነው። ከዓይን በቀር ምንም የላቸውም፣ ሚጢጢዎች፤ ይዘላሉ። ምን እንዳደረግኩ ታውቂያለሽ? የውኃውን ጎማ አነሳሁና ጠረጴዛዬን አጠብኩ። ወረፋ ነበራ! ከዚያ ወዲህ ጉንጬን ያየ የለም።»

«አንቺ ብቻ ነሽ እንዴ? ሁሉም ሲገድል የኖረ ነው።»

«ሌላው የገደለውን ሌላው ይናገር» አለችኝ።

ጉንጬ ጉንጬ ስትል ለዓመታት ስሰማት የልጅነት ትዝታ ነበር የሚመስለኝ። ያ ሁሉ ናፍቆት ውስጥ ይህ እንዳለ አላወቅኩም፤ ማፈሬን አልደብቅም። «አምጪ ጣሳውን፣ ክንድሽ ደክሟል» አልኳት። ሰጠችኝ። ደንበኛው ጮኾ ጮኾ ሲወጣለት ወደ ሌላ ጠረጴዛ ሄደ።

ተመራማሪዋ ዘጠኝ ተኩል ላይ ደረሰች፤ ከእግር እስከ ራሷ አቧራ ለብሳለች። መሬት ላይ ተንበርክካ ባልዲውን ረጅም ጊዜ አየች። እሷም የዓሣዋን አፍ ልትከፍት ነው ብዬ ስጠብቅ «አፏን ነክታችኋል እንዴ?» ብላ ጠየቀች።

«አልነካንም» አለች አክስቴ።

«ተባረኩ። በግድ ከተከፈተች ትተፋቸዋለች፤ ላትመልሳቸውም ትችላለች። ደግሞ ሊኖሩም ላይኖሩም ይችላሉ። የሚሻለው መጠበቅ ነው» አለችና ባልዲውን ወደ ጣቢያው ይዛ ሄደች።

አሥራ አንድ ቀን ጠበቅን። ዓሣዋም አትበላም፣ አክስቴም አትበላም። ስልኬ በጮኸ ቁጥር ቢላዋዋን ታስቀምጣለች። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ተመራማሪዋ ደውላ «ኑ» ብቻ አለች።

ጣቢያው ውስጥ አንድ ድንግዝግዝ ያለ ክፍል አለ፤ ግድግዳው ሁሉ የመስታወት ገንዳ ነው። ጉንጬያችን ከአንዱ ጥግ ቆማለች። በአፏ ዙሪያ አርባ አንድ ልጆች ይንሳፈፋሉ፤ ተመራማሪዋ ቆጥራቸዋለች። እጇን ከመስታወቱ በላይ አሳልፋ ጥላ ስትጥልባቸው እናትየዋ አንገቷን ደፋች፤ ልጆቹ ሁሉ እየተሽቀዳደሙ አፏ ውስጥ ገቡ። አፏ ተዘጋ። ገንዳው ውስጥ አንዲት ብቻዋን የቆመች ዓሣ ቀረች።

«ገቡ» አለች አክስቴ። ከዚያ መነጽሯን አወለቀች። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ የዚያን ቀን ግን እኔም ገረመኝ፤ የሃያ ስድስት ዓመቱን ነው ያወረደችው።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ አውቶቡስ ተሳፍራ ወደ ጣቢያው መሄድ ሆነ ሥራዋ። ወንበር አስመጥታ መስታወቱ ፊት ቁጭ ትላለች። አንዳንዴ እኔም እከተላታለሁ። ጥበቃው «ዘመድ ጥየቃ መጡ» ይለናል። በሌላ ከተማ ጣቢያ ውስጥ፣ ድሮ ከሐይቃችን ከተወሰዱት የተወለዱ አምስት ያረጁ ጉንጬዎች ቀርተው ኖሮ፣ የእኛዎቹ ከእነሱ ጋር ተራብተው በሁለት ዓመት ብዙ ሆኑ። ሰብሳቢው እንደፈራው ሸምበቆው ዳር ተዘጋ፤ እንግዳው እንዳይገባ በረጅም መረብ አጠሩት። ሰብሳቢው ራሱ ነው ችካል ሲተክል የዋለው፤ ሲሳደብም ውሏል።

አንድ ቅዳሜ ተመራማሪዋ የሚለቀቁበትን ቀን ነገረችን። ለመጠባበቂያ የተለዩት ወደ ሩቁ ጣቢያ ተወስደዋል፤ የቀሩት ሁሉ ወደ ሐይቁ ይገባሉ። ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ጀልባም ሰውም ወደዚያ ዳር አይጠጋም።  ቤት ገብተን አክስቴ ሽንኩርት እየላጠች ድንገት «መስታወቱ ውስጥ ምን ጎደላቸው?» አለች።

«ሁለቱን ብቻ ይተዉልሽ እንደሆነ ልጠይቅልሽ? ተመራማሪዋ አንቺን እንቢ አትልም» አልኳት። እውነቴን ነበር። ቅዳሜ ከቀረባት ምን እንደሚቀራት አላውቅም ነበር።

ሁለት ቀን አሰበችበት። በሦስተኛው ቀን ጠረጴዛዋን እያጠበች «እንዳትጠይቂ» አለችኝ። «ለእኔ ተብሎ ሁለት ዓሦች መስታወት ሲያዩ እንዲኖሩ አልፈልግም። ባይሆን እኔው ልጉዳ።»

የሚለቀቁ ዕለት ማለዳ ሸምበቆው ዳር ደረስን። የመጨረሻውን ባልዲ ለእሷ ሰጧት። ጉልበቷ ድረስ ውኃው ውስጥ ገባች። አላፈሰሰቻቸውም፤ ባልዲውን ጋደም አድርጋ ሐይቁ ራሱ እንዲገባበት ተወችው። ጉንጬዎቹ ትንሽ አመነቱ። አንደኛዋ ወጣች፣ ሌላዋ ተከተለች፣ ከዚያ ሁሉም። የእጇን አንጓ ዞሩት፣ ወደ ሸምበቆው ሥር ገቡ፤ ውኃው ድፍርስ ስለሆነ ወዲያው ጠፉ። እሷ ባዶ ባልዲ ይዛ ቆመች። ተመራማሪዋ «እንውጣ እናቴ» ስትላት ነው የወጣችው። አጥሩን አልፈን ወጣን፤ በሩን ከኋላችን ቆለፉት።

ገና የመኪናው መንገድ ጋ ሳንደርስ ቆም አለች።

«ናፈቁኝ» አለችኝ።

«ከአሁኑ? እግርሽ እኮ አልደረቀም!»

«ናፈቁኝ አልኩሽ።» ትንሽ እንደተራመድን ክንዴን ያዘች። «ድሮ ናፈቁኝ ስል ግን የሞተ ሰው ነበር የምናፍቀው። አሁን ያሉበትን አውቃለሁ።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን አሾፍባት ነበር። ዞር ብዬ ሸምበቆውን አየሁት፤ ምንም አይታይም። እኔንም ናፍቀውኝ ነበር።